«ቶም-ቶም» ኦፔራን ለማቅረብ፤ በረቂቅ ሐሳቡ ላይ የአባላት ውይይት

አስተባባሪ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለመጪው ዓመት ከታሰቡት ዝግጅቶች መካከል ብዙ ድጋፍ ያገኘው ጥቁር አሜሪካዊቷ ሸርሊ ግራሃም ቃሉንም ዜማውንም የደረሰችው፣ በከበሮ ስም የተጠራው «ቶም-ቶም» ኦፔራ በመሆኑ የሚከተለውን ረቂቅ እንድታርሙት አቀርባለሁ። «ማኅበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ስታዲየም ወደ 500 በሚጠጉ ተሳታፊዎች ቀርቦ፣ በሁለት ምሽቶች ወደ 25,000 ተመልካች ካየው በኋላ ከመድረክ የራቀውን ይህን ኦፔራ ሦስቱንም ገቢር ያቀርባል።»

የሙዚቃ ክፍል ተጠሪ፦ ሥራው መመረጡን በደስታ እቀበላለሁ፤ ሦስቱንም ገቢር ማቅረብ ግን ከአቅማችን በላይ ነው። የክሊቭላንዱ ዝግጅት እንደዚያ የገዘፈው ለስታዲየም ስለተሰናዳ ነው። «ቶም-ቶም» ኦፔራ ከመሆኑ በፊት አጭር ቴአትር ስለነበር፣ አንድ ገቢር በፒያኖ፣ በከበሮና በጥቂት ድምፃውያን ብናቀርብ ደራሲዋን አንበድልም።

የታሪክ ክፍል አባል፦ እንግዲያው ሦስተኛው ገቢር ይሁን። መጀመሪያው በ1619 አፍሪካ፣ ሁለተኛው በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እርሻ፣ ሦስተኛው በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም ሲሆን፣ የተጸውኦ ስም የሌላቸው እናት፣ ልጃገረድ፣ ወጣትና የቩዱ (ከምዕራብ አፍሪካ የመነጨ እምነት) ሰው ዘመናቱን ሁሉ ተሻግረው ይመጣሉ። በሃርለም የቩዱው ሰው ሕዝቡን ወደ አፍሪካ የምትመልስ መርከብ ለመግዛት ገንዘብ ያሰባስባል፤ መርከቧ ስትጠፋ ግን ያመነው ሕዝብ ራሱ ይነሣበታል። ጥቁሮች ወደ አፍሪካ እንዲመለሱ የቀሰቀሰው የማርከስ ጋርቬይ የመርከብ ኩባንያ ትዝታ ገና ትኩስ በነበረበት ጊዜ ይህን መጻፏ ድፍረት ነው። እንደ እኛ አገር ቤት ስለ መመለስ ሲማከር የኖረ የስደተኛ ማኅበረሰብም ጉዳዩን ያለ ሐተታ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ፦ በምርጫው እስማማለሁ፤ ሆኖም በሃርለም የሚሰማው ከበሮ ክብደት የሚያገኘው በመጀመሪያው ገቢር ምን እንደነበረ ለሚያውቅ አድማጭ ነው። ያ ገቢር ደግሞ ልጃገረዷን ለመሥዋዕት ሲያዘጋጇት የባሪያ ፈንጋዮች ሲደርሱ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ሳይብራራ ቢቀርብ ስለ አፍሪካ የቆየውን የተዛባ ሥዕል ሊያጠናክር ይችላል። ግራሃም ይህን የጻፈችው አፍሪካን ራሷ ከማየቷ በፊት ነበር፤ በጋና መኖር የጀመረችው በ1961 ነው። ስለዚህ ከሦስተኛው በፊት ከመጀመሪያው ገቢር አጭር ክፍል ከማብራሪያ ጋር እንዲሰማ አሳስባለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ በጀት ከመያዙ በፊት ኖታው በእጃችን መግባት አለበት። ለአሥርተ ዓመታት ጠፍቷል ሲባል የቆየው ሥራ ከ2001 ጀምሮ ከሌሎች ሰነዶቿ ጋር በአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም በሚገኘው የሽሌሲንገር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የትኛው ክፍል ለመዘመር በሚያበቃ መልኩ እንደሚገኝና የማቅረብ መብቱ በማን እጅ እንዳለ በደብዳቤ እንጠይቅ። መልሱ ሳይመጣ አዳራሽ መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው።

የሙዚቃ ክፍል ተጠሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በኦፔራው ውስጥ ያሉትን የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙሮች በእኛ ድምፃውያን ብቻ መሸፈን አይገባም፤ በአካባቢያችን ያለ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ቡድን ከረቂቁ ጀምሮ አብሮን ይሥራ።

አስተባባሪ፦ ሐሳባችሁን አካትቼ ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ። «ማኅበሩ ከአንድ የጥቁር አሜሪካውያን መዘምራን ቡድን ጋር በመተባበር፣ የ“ቶም-ቶም”ን ሦስተኛ ገቢር፣ ከመጀመሪያው ገቢር ከሚመረጥ ክፍልና ከማብራሪያ ጋር፣ በፒያኖና በከበሮ ያቀርባል፤ የአዳራሽና የክፍያ ውል የሚፈረመው ኖታውና ፈቃዱ ሲገኙ ነው።» ለቤተ መጻሕፍቱ የሚላከውን ደብዳቤ የታሪክ ክፍል እስከ ዓርብ ያዘጋጅ፤ ለመዘምራኑ የሚቀርበውን ጥያቄ ግን በአካል ሄደን ብናቀርብ ይሻላል።