ሶፋዬን ሌላ ሰው ጣለው፣ ደብዳቤው ግን ለኔ መጣ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የምኖረው እንግሊዝ ነው። አሮጌ ሶፋችንን አንድ ባለ ቫን 20 ፓውንድ ተቀብሎ ወሰደልኝ። ከሳምንታት በኋላ ከካውንስሉ (ከአካባቢው አስተዳደር) ደብዳቤ መጣ። ሶፋው ጫካ ዳር ተጥሎ ተገኝቷል፣ መቀመጫው ውስጥ ስሜ ያለበት ፖስታ ነበር። እኔ ሳልጥለው ለምን እጠየቃለሁ?

መልስ 1፦ አይዞሽ እህቴ። ግን ሕጉ የቤቱን ሰውም ይይዛል። ቆሻሻ የሚወስድልሽ ሰው ፈቃድ እንዳለው ማጣራት ያንቺ ግዴታ ነው፣ ካላጣራሽ ካውንስሉ እስከ 600 ፓውንድ ሊቀጣሽ ይችላል። ለጣዪው ደግሞ ቅጣቱ ከ2023 ጀምሮ እስከ 1,000 ፓውንድ ደርሷል፤ ፍርድ ቤት ከቀረበ እስርም አለው። ፈቃድ ያላቸውን የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ትችያለሽ።

መልስ 2፦ ደብዳቤውን ዝም እንዳትዪው! የሰውየውን ስልክ፣ የቫኑን ታርጋ፣ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስጫቸው።

መልስ 3፦ እኛ ሰፈር የእግረኛ መንገድ ላይ የተጣለ ፍራሽ ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ስንት ቀን ተኛ፣ እናቶች የልጅ ጋሪ ይዘው አስፋልት ላይ ይወርዱ ነበር። ስለዚህ ካውንስሎቹ ቢጠነክሩ ደስ ይለኛል፣ ዋናውን ጣዪ ግን ይያዙት።