አስቸኳይ፦ አጠገባችን ሪትሪት ሴንተር (እንግዳ አርፎ የሚያድርበት ማዕከል) ሊከፈት ነው፣ ሂሪንጉ (ሕዝብ ሐሳብ የሚሰጥበት ስብሰባ) ሐሙስ ነው

ሳሮን ከገጠር
ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው፣ ከከተማ ራቅ ብሎ። ዛሬ ከካውንቲው (ከአካባቢው አስተዳደር) ደብዳቤ መጣልን። ከአጥራችን ማዶ ያለው 30 ኤከር ሪትሪት ሴንተር ሊሆን ነው፤ 60 ሰው ያድርበታል፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግም አለ። እኛ የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። ባለፈው ሰመር ለ3 ቀን ደፍርሶብን ነበር። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ሣር ላይ ይወጣል። ጠበቃ ልያዝ? ምን ላድርግ? እባካችሁ ቶሎ!

ጋሽ ታዛቢ
ልጄ፣ ቤት ሲገዛ አስቀድሞ የዙሪያው መሬት ምን ዞን እንደሆነ፣ ማለትም ለምን እንደተመደበ፣ ይጠየቃል። የእርሻ ዞን ማለት ባዶ ሜዳ ሆኖ ይኖራል ማለት አይደለም። እኛ ቤቱን እንጂ አካባቢውን አናይም። ለወደፊቱ ልብ በሉ።

እማማ ጽጌ
ፊርማ አሰባስቢ የኔ ልጅ። ጎረቤት ሁሉ ይፈርም።

የጉለሌ ልጅ
እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ቤተ ክርስቲያናችን መሬት ገዝቶ ሊሠራ ሲል ጎረቤቶቹ አንድ ሆነው ወጡብን። ትራፊክ አሉ፣ ድምፅ አሉ፣ ውሃ አሉ። አሁን አንቺ ያልሽውን አንድ በአንድ። 2 ዓመት በኪራይ አዳራሽ ቀደስን። ሰዎቹን ሳታውቂያቸው ለምን ትቃወሚያቸዋለሽ? ሄደሽ አንኳኪና አነጋግሪያቸው።

ሳሮን ከገጠር
ሰዎቹን አልጠላኋቸውም፣ ወንድሜ። ጉድጓዴ ቢደርቅ ግን ለልጆቼ ምን አጠጣለሁ?

ብሩክ ቅየሳ
በቅየሳ ቢሮ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ደብዳቤው ላይ ሂሪንጉ የማን ነው ይላል? ፕላኒንግ ኮሚሽን (መርምሮ የሚያማክረው) ወይስ ቦርድ ኦፍ ሱፐርቫይዘርስ (የካውንቲው ምክር ቤት)? ደግሞስ ማዕከሉ የሃይማኖት ነው?

የሠርግ ቤት
ሠርግ ካለ ድንኳኑን በአጥርሽ በኩል ያስተክሉልሽ፣ ዶሮ ወጡ በዚያው ይሻገራል 😄

ሳሮን ከገጠር
ፕላኒንግ ኮሚሽን ይላል። ዮጋ ነው አሉ፣ ሌላ አላውቅም።

ብሩክ ቅየሳ
እንግዲያው ሐሙስ የመጨረሻው አይደለም። ኮሚሽኑ ሐሳብ ያቀርባል፣ የሚወስነው ቦርዱ ነው። እዚያም ሌላ ሂሪንግ አለ። ቦርዱ ከወሰነ በኋላ ሰርኪዩት ኮርት (ፍርድ ቤት) ለመሄድ 30 ቀን ብቻ ነው ያለው፤ ለጠበቃ ገንዘብ ካለሽ ለዚያ አቆዪው።
ነገ ጠዋት ዞኒንግ ቢሮ ደውለሽ ሙሉ ፋይሉንና ስታፍ ሪፖርቱን (የቢሮው ሠራተኞች የጻፉትን ግምገማ) ጠይቂ። ውሃው ላይ አጥብቂ። አንድ ጉድጓድ በዓመት ቢያንስ ለ60 ቀን 25 ሰው ካጠጣ በሕግ የሕዝብ ውሃ ነው፣ ፈቃድና ምርመራ አለበት። ስለዚህ በቀን ስንት ጋሎን እንደሚስቡ፣ ሴፕቲኩ (የፍሳሽ ማጠራቀሚያው) ለስንት ሰው እንደታሰበ፣ የጎረቤት ጉድጓድ ተለክቶ እንደሆነ ጠይቂ። የራስሽን ውሃ ከፍታ ከአሁኑ አስለኪና ወረቀቱን ያዢ። በኋላ ቢቀንስ ማስረጃሽ እሱ ነው።
"አልፈልግም" ከማለት "ቢፈቀድ እንኳ በዚህ ግዴታ ይሁን" ማለት ይሰማል፦ የእንግዳው ቁጥር፣ ሙዚቃው የሚቆምበት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሠርግ። ስለ እምነታቸው አንድ ቃል አትናገሪ። የሃይማኖት ማዕከል ሆኖ ከተገኘ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የፌዴራል ሕግ ይጠብቃቸዋል፣ እንዲህ ያለው ንግግርም አንቺኑ ይጎዳል። የጉለሌ ልጅን ቤተ ክርስቲያን የሚጠብቀውም ያው ሕግ ነው።

እማማ ጽጌ
ፊርማውንም አትርሺ።

ብሩክ ቅየሳ
እማማ፣ ፊርማው ይጠቅማል። ግን አንድ ወረቀት ላይ ከሚፈርሙ 40 ሰዎች ይልቅ ስለራሳቸው ጉድጓድ የሚጽፉ 5 ጎረቤቶች ይበልጣሉ።

ሳሮን ከገጠር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግሊዝኛዬ ግን ሰው ፊት ይጠፋብኛል።

የጉለሌ ልጅ
ጽፈሽ አንብቢው። ብዙ ቦታ የሚሰጠው 3 ደቂቃ ነው፣ አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል። ዛሬ ማታ በውስጥ ላኪልኝ፣ አርሜ እመልስልሻለሁ። እኛም ያኔ እንደዚያ ነው ያደረግነው።

አዲስ ገቢ
እኛ ሜሪላንድ ነን፣ ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሶናል። ይሄ ሁሉ እኛ ጋም ይሠራል?

ብሩክ ቅየሳ
የካውንቲ አሠራሩ ይለያል፣ የውሃውና የሃይማኖቱ ሕግ ግን ፌዴራል ነው። የትኛው ካውንቲ ነው?