ካርቦን ናኖቲዩቡ አልበተን ብሎኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር የሲቪል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የሲሚንቶ ሞርታር (የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውሃ ድብልቅ) ላይ ካርቦን ናኖቲዩብ (ከካርቦን የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች) እየጨመርኩ ጥንካሬውን እያጠናሁ ነው። መጠኑ ከሲሚንቶው ክብደት 0.05 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በደንብ ከተሰራጨ ጥቃቅን ስንጥቆችን ገና ሳይሰፉ አያይዞ ያስቀራቸዋል።

ችግሩ መበተኑ ላይ ነው። ቱቦዎቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ውሃም አይወዱም። ውሃ ውስጥ ጨምሬ በአልትራሳውንድ (ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ) ሲንቀጠቀጥ ውሃው ቀለም መስሎ ይጠቁራል፤ ደስ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ጥቁሩ ብናኝ ሥር ይዘቅጣል፣ ከላይ ውሃው ይጠራል።

ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ያለ በታኝ ኬሚካል) ስጨምር ይበተናል፤ ሞርታሩ ግን አረፋ ይይዛል። ለጥንካሬ ፍተሻ የተሰበረውን የሞርታር ኪዩብ ሳየው ውስጡ በአየር ቀዳዳ ተበሳስቷል። የ28 ቀን ጥንካሬውም ምንም ካልተጨመረበት ኪዩብ አንሶ ነው የሚገኘው። በጣም አሳስቦኛል። እዚህ ጣና ዳር ለሚሠራ ቤት ውሃ የማያሳልፍ ኮንክሪት ትልቅ ቁም ነገር ነው።

አሁን ያሰብኩት ፖሊካርቦክሲሌት ሱፐርፕላስቲሳይዘር ነው፤ ውሃ ሳይጨመር ድብልቁን የሚያቀጥን ኬሚካል ማለት ነው። ሲሚንቶውንም ቱቦዎቹንም ይበትናል። የሠራችሁበት ካላችሁ፣ ሙሉውን መጀመሪያ ከቱቦዎቹ ጋር ትጨምራላችሁ ወይስ ከፍላችሁ? የአረፋ ማጥፊያስ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አልትራሳውንድ ሲበዛ ቱቦዎቹን ይሰባብራል፤ እናንተ የት ላይ ታቆማላችሁ?

ወደ ግራፊን ኦክሳይድ (ኦክስጅን ያለበት እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፍ) ቀይር ያሉኝም አሉ። እሱ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይበተናል፤ ግን ከሲሚንቶው የሚወጣው ካልሲየም መልሶ ያጓጉለዋል። ስለዚህ ከናኖቲዩቡ ጋር መቀጠል ነው የምፈልገው። ባሕር ዳር ያላችሁ ካላችሁ ያለሁበት ድረስ እንድትመጡ ሳላስቸግራችሁ ያላችሁበት እኔው እመጣለሁ።