የዕቅድ ውይይት፦ አዲስ የርቀት ተማሪዎችን እንዴት እናዘጋጅ?

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ለከተማችን ኮሌጆች በጋራ የምናቀርበው ሐሳብ እስከ አርብ ማለቅ አለበት። መነሻ ረቂቄ ይኸው፦ ምዝገባ እንዳለቀ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ገለጻ ይሰጥ። ስለ ደንቡ፣ ስለ አሳይመንት አቀራረብ፣ ስለ ፈተና ሥርዓቱ። ጨምሩበት፣ ቀንሱበት።

የሒሳብ አስጠኚ
ይቅርታ፣ ይሄ የለመድነው ነው። ዲኑ ይናገራል፣ ሬጅስትራሩ ይናገራል፣ ተማሪው ሻዩን ጠጥቶ ሞጁሉን በፌስታል ይዞ ይሄዳል። የሚከፍተው ፈተና ሳምንት ሲቀረው ነው። ገለጻው ይቅርና አንድ ምዕራፍ አብረን እንሥራ።

ቲቶሪያል ላይ፣ ማለትም ተማሪዎቹን በአካል በማስጠናበት ሰዓት፣ የማየውን ልንገራችሁ። ተማሪው ምዕራፉን ያነባል። ራስን መፈተሻ ጥያቄዎቹ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶ አያነሳም። ወደ ኋላ ይገልጥና መልሱን አይቶ «አዎ፣ ገብቶኛል» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ የመልስ ገጾቹን በስቴፕለር እንያዝባቸው። ቀልዴን አይደለም! መጀመሪያ በባዶ ወረቀት ይሞክሩ። ከዚያ ይከፈት። ከዚያ የሳቱትን ጥያቄ ይዘው ወደ ምዕራፉ ተመልሰው የሳቱበትን ቦታ ይፈልጉ። አንዴ በእጃቸው የሠሩትን ቤታቸው ለመድገም አይከብዳቸውም።

የርቀት ተማሪ (የአንደኛ ደረጃ መምህርት)
መምህር ያሉት ልክ ነው። ጊዜውስ ግን ከየት ይምጣ? ባለ 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ኮርስ 135 ሰዓት ያህል ሥራ ይጠይቃል። በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ8 ሰዓት በላይ ነው። አራት ኮርስ የያዘ ሰው ከ33 ሰዓት በላይ ማጥናት አለበት ማለት ነው። እኔ ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ ልጆች አሉ፣ መብራትም የራሱ ፕሮግራም አለው። ስመዘገብ ይሄን ስሌት ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም «ቶሎ ጨርሺ» ብቻ ነው ያለኝ። ተማሪው ከመክፈሉ በፊት የሳምንቱን ሰዓት በወረቀት ሞልቶ ይይ። ከዚያ ስንት ኮርስ እንደሚይዝ ራሱ ይወስን።

ሰብሳቢ
እህቴ፣ ጥሩ ብለሻል። ኮሌጆቹ ገቢ ስለሚቀንስባቸው ፊታቸውን ያጠቁሩ ይሆናል። ቢሆንም ይግባ። ተማሪው ተስፋ ቆርጦ ቢያቋርጥ እነሱም ያጣሉ።

የማኔጅመንት አስጠኚ
አንድ ነገር አድበስብሰን አንለፍ። አሳይመንት በየኮምፒውተር ቤቱ ተሠርቶ ይሸጣል። ሽፋኑ ላይ ስም መቀየር ብቻ ነው። ያስረከበ ሁሉ አምስት ደቂቃ በቃል ይጠየቅ የሚል አንቀጽ ይጨመር።

የርቀት ተማሪ
መጠየቁን አልቃወምም። ግን የሠራሁት አሳይመንት ማርክ ብቻ ተጽፎበት፣ ያውም ከፈተና በኋላ ከተመለሰልኝ፣ ለምን ራሴ ልልፋ? የመጀመሪያው አሳይመንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ታርሞ ይመለስ። የት እንደሳትን ይጻፍበት። አስጠኚዎችም ግዴታ ይኑርባችሁ እንጂ!

የሒሳብ አስጠኚ
ተቀብያለሁ። ለማረሚያ ግን ክፍያ ይያዝልን። አሁን የሚከፈለን ለቲቶሪያል ሰዓት ብቻ ነው።

የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ያለ 50 በመቶ ዲግሪ የለም፣ ፈተናው ደግሞ በኮምፒውተር ነው። የኛ ተማሪዎች ለዓመታት የሚማሩት በታተመ ሞጁል ነው። ማውስ ሲይዙ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ጎበዝ መምህራን አይቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሉን እከፍታለሁ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይለማመዱ፤ መመረቂያቸው ሲደርስ አይደለም።

ሰብሳቢ
ከገጠር የሚመጡት እኮ ቅዳሜ ከሰዓት የመኪና ነገር ያስጨንቃቸዋል። ጠዋት ብናደርገውስ?

የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ጠዋት የቀን ተማሪዎች ይዘውታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቻላል።

ጸሐፊ
እሺ፣ ረቂቁን እንዲህ ቀይሬዋለሁ። ገለጻው ግማሽ ሰዓት፣ የቀረው ቀን በአንድ ምዕራፍ ላይ የእጅ ሥራ። የሰዓት ስሌቱ ከክፍያ በፊት። የመጀመሪያው አሳይመንት በሁለት ሳምንት ከአስተያየት ጋር፣ ማረሚያው ተከፍሎበት። የኮምፒውተር ልምምድ እሑድ ከ4 እስከ 6። የቃል ጥያቄው ላይ አልተስማማንም፣ ለብቻው በአማራጭነት አስቀምጬዋለሁ። የማረሚያውን ወጪ ሒሳብ ያዣችን እስከ ሐሙስ ያስሉልኝ። ስቴፕለሩን ግን ማን ነው የሚያመጣው?