የሰንበት ሥራና የትርፍ ሰዓት ዋጋ፦ አንዱ ረዳት ዓርብ፣ ሌላው እሑድ ሲያርፍ እንዴት ይተመናል?

ጠያቂ፦ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ደሴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደሴ ከተማ በቧንቧና በሳኒተሪ ሥራ ከተሰማራሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሁለት ረዳቶች አሉኝ፤ አንደኛው ዓርብ ያርፋል፣ ሁለተኛው እንደ እኔው እሑድ ያርፋል። ይህን የወሰንነው ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋግረን ስለሆነ በዕረፍቱ ቀን ላይ እስካሁን ቅሬታ አልተነሣም። የተቸገርኩት በዋጋው ነው።

ባለፈው ወር፣ እሑድ ምሽት 12 ሰዓት ላይ፣ ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩ ደንበኛ ደወሉልኝ። በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ደርቆ የዋለው መስመር ማታ ውሃው በግፊት ሲለቀቅ ከወጥ ቤቱ ሴራሚክ ሥር ፈንድቶ ነበር። እሑድ የሚያርፈው ረዳቴ የማኅበር ተራ ደርሶት ስለነበር፣ ሮቢት ሰፈር ግድግዳ ሲፈለፍል የዋለውን ዓርብ አራፊውን ይዤ ሄድኩ። የግቢውን መዝጊያ ዘግተን፣ ሴራሚኩን አንሥተን የተሰነጠቀውን የፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ ፕላስቲክ) ቱቦ ብናገኘውም ወዲያው መበየድ አልተቻለም፤ ማሽኑ እስከ 260 ዲግሪ ቢሞቅም ቱቦው ውስጥ ጠብታ ውሃ ካለ ብየዳው አይይዝምና። ረዳቴ በደረቱ ተኝቶ፣ ጨርቅ በሽቦ ላይ እየጠቀለለ ወደ ቱቦው እያስገባ፣ እየጨመቀና እንደገና እያስገባ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ጨርሰን ስንነሣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል። ዋጋውን ስነግራቸው ደንበኛው «እሑድም ሰኞም ቱቦው ያው ቱቦ ነው» ብለው የአዘቦት ቀኑን ሂሳብ ሰጡኝ። የረዳቴን ጭማሪ ከራሴ ኪስ ከፈልኩ፤ ለእኔ የቀረኝ ከባጃጅ ዋጋ ብዙም አያልፍም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የሰንበትና የምሽት ዋጋ በምን ሒሳብ ይተመናል? በተለይ ደግሞ ዓርብ ለሚያርፍ ሰው እሑድ የሥራ ቀኑ ከሆነ፣ ለእሑድ ሥራ የዕረፍት ቀን ዋጋ መጠየቅ አግባብ ነው? እኔ ራሴ ግን ዕረፍቴን ትቼ ነበር የሄድኩት።

መልስ፦ የፋብሪካ የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ በጥያቄህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ግንኙነቶች ተደባልቀዋልና መጀመሪያ ብንለያቸው ይሻላል። በአንተና በረዳቶችህ መካከል ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ስለሆነ የሚገዛው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአንተና በደንበኛው መካከል ያለው ግን በራስህ የሙያ ኃላፊነት የምትሠራው ሥራ በመሆኑ አዋጁ አይመለከተውም፤ እሱ በስምምነት የሚቆም፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚታይ ውል ነው። ስለዚህ ደንበኛህን «ሕጉ ለእሑድ እጥፍ ይላል» ብለህ ልትሞግታቸው አትችልም። ለረዳትህ ግን «ደንበኛው አልከፈሉኝም» ልትለው አትችልም፤ ከኪስህ መክፈልህ ግዴታህን መወጣትህ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ ለተሠራ ሰዓት አንቀጽ 68 አራት ደረጃ አስቀምጧል፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በአንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል ይባዛል። ከዚህ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ከሩብና አንድ ተኩል ነበሩ፤ ብዙ ባለሙያ እስከ ዛሬ በዚያ በአሮጌው ሲያሰላ አያለሁ፣ ይህም በሠራተኛው ላይ ጉዳት ነው።

ለምሳሌ የረዳትህ የቀን ክፍያ 800 ብር ነው እንበል። ለ8 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 100 ብር ይሆናል። የእሱ የዕረፍት ቀን ዓርብ ከሆነ ያ እሑድ ለእሱ የሥራ ቀን ነበር፤ ቀኑንም ሙሉ ሠርቷል። ስለዚህ ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያሉት አራት ሰዓቶች በ150 ብር ሒሳብ 600፣ ከ4 እስከ 5 ያለው አንድ ሰዓት 175፣ በድምሩ 775 ብር ይደርሰዋል። እሑድ አራፊው ረዳትህ ሄዶ ቢሆን ኖሮ አምስቱም ሰዓት በእጥፍ ታስቦ 1,000 ብር ይሆን ነበር። የሳምንት ዕረፍት ማለት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ነው፤ አዋጁ በተቻለ መጠን እሑድ እንዲውል ይላል እንጂ በሌላ ቀን ሊተካ የሚችልበትንም ሁኔታ ያውቃል። በዕረፍት ቀኑ የሠራ ሰው ከክፍያው ሌላ ምትክ ዕረፍት እንደሚገባውም አትርሳ።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ቀኑን ሙሉ ሲፈለፍል የዋለ ልጅ ማታ አምስት ሰዓት ጨምሮ ሠርቷል። ያ አምስተኛው ሰዓት በገንዘብ ብቻ የሚታይ አይመስለኝም፤ የደከመ ሰው በ260 ዲግሪ ማሽን ላይ እጁን ሊያሳርፍ ይችላል።

ለወርኃዊ ተቀጣሪ የሰዓት ክፍያ እንዴት ይወጣል ለሚል ደግሞ፣ 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ሰዓት ይመጣል፤ ደመወዙን ለዚህ ማካፈል ነው።

መልስ፦ ግንበኛና ፎርማን፣ ኮምቦልቻ

ከላይ የተጻፈው ሒሳብ ትክክል ነው፤ ሆኖም በግንባታ ሥራ የጊዜ ሰሌዳው ከዋጋው ይቀድማል። ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) የሚሞላ ሰው «ሰዓቴ ደረሰ» ብሎ ሥራውን ግማሽ ላይ ሊያቆም አይችልም፤ የመጀመሪያው ኮንክሪት ከጠነከረ በኋላ አዲሱ ሲጨመርበት በመካከሉ ስንጥቅ የሚመስል መጋጠሚያ ይቀራል፣ በክረምትም ውሃ የሚያስገባው እሱ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትልና ሙቀቷም ስለሚበረታ እዚህ ኮንክሪቱ ፋታ አይሰጥም። በዚህ ምክንያት እኔ ሙሌት ዓርብ አልይዝም፤ ከሠራተኞቼ እኩሌታዎቹ ለጁምዓ ሲወጡ ሚክሰሩ ቆሞ እንዲጠብቃቸው ማድረግ አልፈልግም፣ ሰዎቹንም በሥራና በሶላት መካከል ማስጨነቅ ነውር ነው። ሐሙስ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንጀምራለን፣ ቢመሽብንም ያው ሐሙስ ይመሻል።

ሙሌቱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ከሰባቱ ቀን ውስጥም አንድ ዓርብና አንድ እሑድ የግድ ይኖራል። ዓርብን እሑድ አራፊው፣ እሑድን ዓርብ አራፊው ያጠጣል። አጠጪው በራሱ የሥራ ቀን ስለሚሠራ ባለቤቱ የዕረፍት ቀን ጭማሪ አይጠየቅም። ይህ መረዳዳት በእኛ በወሎ ከአባቶቻችን ጀምሮ ያለ ነው፤ አንዱ በበዓሉ ሲቀመጥ ሌላው ሥራውን ይሸፍንለታል። ሥራ ስትይዝ ይህን ሀብት ተጠቀምበት እላለሁ።

በቁርጥ ስትዋዋል ደግሞ «ሥራው ቢመሽ የእጅ ዋጋው ይህን ያህል ይጨምራል» የሚለው ቀብድ ከመቀበልህ በፊት ይጻፍ። ቀብዱ ከተበላ በኋላ የሚነሣ ነገር ሁሉ ጠብ ነው።

መልስ፦ ደንበኛ፣ ወልድያ

ባለሙያ ባልሆንም ብዙ ባለሙያ የጠራሁ ሰው በመሆኔ ሐሳቤን ላካፍል። የሰንበት ዋጋ መጨመሩ አያስቆጣኝም። የሚያስቆጣኝ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ዕቃው ታጥቦ በር ላይ ከተቆመ በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነው። እርስዎ ወንድሜ፣ ለሸዋ በሩ ደንበኛ ዋጋውን የነገሯቸው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ በስልክ ሳሉ ቢነግሯቸው ኖሮ ውሃ ደፍ ላይ ደርሶባቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ቢሉም ቢያንስ የልጁ ድካም ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ነገር፣ ሊቆይ የሚችለውንና ሊቆይ የማይችለውን ባለሙያው ራሱ ይለይልን። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቅዳሜ ማታ፣ የምጣዴ መስመር ሽታ ሰጠኝና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደወልኩ። መጥቶ ሊያስከፍለኝ ሲችል፣ ብሬከሮቹን በስልክ አንድ በአንድ አስቆጥሮኝ፣ «ከግራ ሦስተኛውን ብቻ ያጥፉት፣ ሌላው ይብራ፣ ሰኞ ጠዋት በአዘቦት ዋጋ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ግን ምጣዱን እንዳይሰኩት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለእኅቴም፣ ለጎረቤቶቼም የምሰጠው ስልክ ቁጥር የእሱ ነው፤ እሑድ ጠርቼው እጥፍ ሲጠይቀኝም አልከራከርም፣ የማይቆይ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁና።

በረዳቶቹ ጉዳይ ግን እለምናችኋለሁ፣ ለደንበኛው የሚነገረው የእሑድ ዋጋ አንድ ይሁን። የመጣው ዓርብ አራፊ ስለሆነ ይህን ያህል፣ እሑድ አራፊ ስለሆነ ያን ያህል ከተባለ፣ በቤታችን ደጃፍ ሃይማኖት የሚመዘን ይመስላል። የውስጥ ክፍያችሁን በውስጣችሁ ጨርሱት።

መልስ፦ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሐይቅ

አሰላሙ አለይኩም። የወልድያዋ እኅታችን በመጨረሻ ባሉት ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ ዓርብ የማርፍ ሰው ነኝ፤ እሑድ ቀን እስከ 12 ሰዓት የምሠራው በአዘቦት ዋጋ ነው፤ ለእኔ የሥራ ቀን ነውና። ዓርብ ከሰዓት በፊት ተደውሎልኝ ከሄድኩ ግን እጥፍ እጠይቃለሁ፣ ደንበኛዬም አስቀድሞ ያውቃል። አንተ እሑድ አራፊ ስለሆንክና ሥራውን የምትመራው አንተ ስለሆንክ የእሑድ ዋጋህ እጥፍ መሆኑ ተገቢ ነው። ዋጋው የሚከተለው ዕረፍቱን ትቶ የመጣውን ዋና ባለሙያ ነው።

ሌላው ብዙዎቻችን የምንረሳው የጥሪ ክፍያ ነው። መሣሪያ ተሸክሞ፣ በምሽት ባጃጅ ለምኖ ደርሶ፣ ችግሩ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሆኖ ሲገኝ በሰዓት ብቻ ያሰበ ሰው ከስሮ ይመለሳል። የመድረሻው ለብቻ፣ የሰዓቱ ለብቻ ይነገር። የዕቃ ዋጋም እንዲሁ፤ እሑድ አንዳንድ ሱቅ ዝግ ስለሚሆን በመኖሪያ ቤት የሚቀመጥ ትርፍ ፊቲንግና ብሬከር ያስፈልጋል፣ እሱን ግን በገዛንበት ዋጋ ማስከፈል እንጂ «ሰንበት ነው» ብሎ ዕቃ ላይ መጨመር ልክ አይደለም።

ለለቅሶ ቤት እኔ አላስከፍልም። በቅሬያችን (በዕድራችን) ሰው ሞቶ ድንኳን ውስጥ መብራት ቢቋረጥ በሌሊትም እሄዳለሁ። አብሮኝ ለሚሄደው ልጅ ግን የሌሊቱን በአንድ ከሦስት አራተኛ አስቤ ከራሴ እሰጠዋለሁ፤ ሰደቃው የእኔ ነው፣ የእሱን ላብ እኔ ልሰድቅለት አልችልም።

ጠያቂው፦ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከረዳቶቼ ጋር ትናንት ማታ ቡና ላይ ቁጭ ብለን የጻፋችሁትን በሙሉ አነበብኩላቸው፤ ዓርብ አራፊው፣ የቀን ክፍያው እንደ ምሳሌው 800 ብር ነውና፣ 775 የሚለውን ሲሰማ እኔ የሰጠሁት 700 ብር እንደነበር አስታወሰኝ፣ ቀሪውንም እዚያው ሰጠሁት።

ከእንግዲህ በስልክ ላይ ሳለሁ ሦስት ነገር እናገራለሁ፦ የመድረሻውን፣ የሰዓቱን፣ ሥራው እስከ ሰኞ የሚቆይ መሆን አለመሆኑን። ለእሑድ ለደንበኛ የምናገረው ዋጋ አንድ ይሆናል፤ ለረዳቶቼ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የዕረፍት ቀን ይታሰብላቸዋል። ዓርብ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ዋና መስመር የሚቆረጥበት ሥራ አንጀምርም፤ ሰው ለጁምዓ ሲወጣ ቤተሰብ ያለ ውሃ እንዳይቀር። መውሊድ፣ ዒድና አረፋ፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ለሦስታችንም የሕዝብ በዓል ስለሆኑ በእነዚያ ቀኖች በትርፍ ሰዓት የሚሠራው በሁለት ተኩል ይከፈለዋል። በወር በወር የሚውሉትን የሚካኤልንና የማርያምን ቀን በተመለከተ እሑድ አራፊው ረዳቴ ላርፍ ካለ ያርፋል፣ ቢሠራ ግን በአዘቦት ሒሳብ ነው፤ እሱም ተስማምቷል።

የሸዋ በሩ ደንበኛ ሐሙስ ዕለት ደውለው ነበር። የሮቶው ተንሳፋፊ አልዘጋ ብሎ ውሃ እየፈሰሰ መሆኑን ነገሩኝ። የማታውን ዋጋ ከነምክንያቱ ነገርኳቸው፤ ከሮቶው በታች ያለውን መዝጊያ ሳይሆን ወደ ሮቶው የሚገባውን ቢዘጉት እስከ ቅዳሜ ጠዋት ምንም እንደማይሆንም ጨመርኩላቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ደረጃውን ወጥተው ዘጉት፤ «ቆመ» አሉኝ። ቅዳሜ 2 ሰዓት ላይ ከሁለቱም ረዳቶቼ ጋር እንሄዳለን።