«ጆሮ ላለው ሰው» ሲባል ማን ማለት ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ልጅ በትህትና ጠየቀ። አባቱ የተዉለት የድሮ አምፕሊፋየር እና ሁለት ትልልቅ ስፒከር አለው። ላፕቶፑን በኢርፎን ቀዳዳው ሲያገናኘው ከዘፈኑ ሥር እምምም የሚል ድምፅ ይሰማዋል። ዳክ ልግዛ ወይ፣ ከገዛሁስ የቱን ነው ያለው። የተሰጠው መልስ ይኸው፦ «ጆሮ ላለው ሰው ከሺህ ዶላር በታች ዳክ አይወራም።» ልጁ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ጠፋ። ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ሺህ ዶላር ዛሬ ስንት ብር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ሰው የአባቱን ዕቃ አስነስቶ ሙዚቃ ልስማ ሲል በሩን እንዲህ መዝጋት ነውር ነው። ዳክ ሥራው አንድ ነው። ከስልክ ወይ ከላፕቶፕ የሚመጣውን ቁጥር ተቀብሎ አምፑ ወደሚያውቀው የኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀይራል። ይህን ሥራ አፕል በ9 ዶላር የሚሸጣት አጭር የኢርፎን ማገናኛ ገመድ እንኳን በደንብ ትሠራዋለች።

ባለ ሸክላው፦
ያልኩት እኔ ነኝ። አልደበቅም፤ አሁንም እላለሁ። ልጁን ለማሳነስ አይደለም፤ ርካሹን ገዝቶ በዓመቱ እንዳይጥለው ብዬ ነው። ሸክላ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ሲጀምር እኔ ልጅ ነበርኩ። ፒያሳ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ቆመን ነበር የምንሰማው። ያ ሳክስፎን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በርካሽ ዳክ ስሰማው ሥጋ የለውም፤ አጥንቱ ብቻ ነው የሚመጣው። የእኔ ዳክ የፊሊፕስ ቲዲኤ 1541 ቺፕ ያለበት ነው፤ አር-ቱ-አር የሚባለው ዓይነት፣ ኦቨርሳምፕሊንግ ማለትም በድምፁ ነጥቦች መካከል ሌላ ነጥብ እያሰሉ መጨመር የሌለው። ጆሮ ያለው መጥቶ ይስማ።

ካውያ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ እንጀራዬ ዕቃ መጠገን ነው። 1541 አር-ቱ-አር አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ይለዋል፤ ግን ስህተት ነው። አር-ቱ-አር ሬዚስተሮች እንደ መሰላል የተደረደሩበት ነው። ፊሊፕስ 1541 ላይ የተጠቀመው ከረንቱን እየከፋፈለ፣ ክፍፍሉን ደግሞ በፍጥነት እያፈራረቀ ስህተቱን የሚያቻችልበትን ሌላ ዘዴ ነው። መልቲቢት ነው፣ ሁሉንም ቢት በአንድ ጊዜ ይቀይራል፤ መሰላል ግን አይደለም። ደግሞ ፊሊፕስ ራሱ ያለ ኦቨርሳምፕሊንግ ይሰማ ብሎ አልሠራውም። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዲ ሲወጣ በእጃቸው የነበረው ቺፕ 14 ቢት ነበር፤ እያንዳንዱን የድምፅ ነጥብ በ14 አሃዝ ብቻ የሚያነብ ማለት ነው። አራት እጥፍ ኦቨርሳምፕሊንግ አድርገው ነው ለ16 ቢቱ ሲዲ ያበቁት። ለ1541ም አብሮት የሚሠራ የኦቨርሳምፕሊንግ ቺፕ ነበረው። ያ ሲወጣና በምትኩ ምንም ካልተደረገ፣ 20 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለው በጣም ቀጭኑ ድምፅ በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይወርዳል። ሥጋ ያሉት ምናልባት ይኸው ከላይ የጎደለው ነው።

ባለ ሸክላው፦
ስሙን ተሳስቻለሁ፤ እቀበላለሁ። መልቲቢት በለው። ስሙ ስለተቀየረ ግን ድምፁ አይቀየርም። ደግሞ ሁላችሁም ቺፕ ቺፕ ትላላችሁ። ከቺፑ በኋላ ያለው አናሎግ ክፍልስ? ፓወር ሰፕላዩስ? ገንዘቡ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ጆሮ ላለው ሰው ልዩነቱ ያ ነው።

አምስት ኪሎ፦
ይኸው «ጆሮ ላለው» ተመልሶ መጣ። እኔ ጆሮ አለኝ ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ መዘምራን ውስጥ ነው ያደግኩት። ልንገራችሁ የደረሰብኝን። አክስታችን ከውጭ 400 ዶላር የሚያወጣ ዳክ አመጣችልን። እኔና ወንድሜ ከአፕሏ ገመድ ጋር አወዳደርነው። ማታውን ሙሉ ውዱ አሸነፈ፤ ባሱ ወፍራም፣ ዘፋኙ ፊት ለፊት የቆመ ያህል። ለዘመድ ሁሉ አወራን። በኋላ አንድ ጎረቤታችን መጣና በቴስተር ለካው። ውዱ 2 ቮልት ያወጣል፤ ገመዷ 1 ቮልት። ይህ 6 ዴሲቤል ልዩነት ነው። ጮክ ያለ ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። አንድ ዓይነት የሙከራ ድምፅ እያጫወትን ሁለቱን እኩል አደረግናቸው። ከዚያ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ወንድሜ ይቀያይር ጀመር። 16 ጊዜ ሞከርን፤ 9 ጊዜ አገኘሁ። ከግምት ብዙም አልራቀም። ያን ቀን አለቀስኩ ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በእርግጠኝነት ሰምቼው ነበር።

ካውያ፦
እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጁ ሊገዛ ስለሚችል። ገመዷ ሁለት ዓይነት ናት። ለአሜሪካ የተሠራችው 1 ቮልት ታወጣለች፤ የአውሮፓዋ ግን 0.5 ነው። ከሰው ስታስመጡ ከየት እንደምትገዛ ጠይቁ።

የፒያሳ ሰው፦
ጋሼን ለምንድን ነው እንዲህ የምታጣድፏቸው? አንድ ማታ 16 ጊዜ ቁልፍ መቀያየር ሙዚቃ መስማት አይደለም። ፈተና ላይ የተቀመጠ ሰው ይጨነቃል። እኔ አንድ ዳክ ሦስት ወር አብሬው እኖራለሁ። ሲደክመኝ ይታወቀኛል፤ አንዱ ሁለት ሰዓት ያስቀምጠኛል፣ ሌላው በግማሽ ሰዓት ያስነሳኛል። ይህን በቴስተር የሚለካ አለ?

አምስት ኪሎ፦
ሦስት ወርም ይሁን። ሦስቱን ወር የትኛው እንደሚጫወት ሳታውቅ ስማው፤ እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2020 ላይ ጃፓን ያለው፣ የዳክ ቺፕ የሚሠራው የኤኬኤም ፋብሪካ ተቃጠለ። ብዙ የዳክ አምራቾች የተፎካካሪውን የኢኤስኤስ ቺፕ አስገብተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ኤኬኤም ለስላሳ ነው፣ ኢኤስኤስ ስለታም ነው ሲባል የኖረውን ሁሉ እዚሁ ግሩፕ ላይ አንብበናል። ሳያይ የለየ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ደግሞ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰው ዕድሜው ሲጨምር መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። 20 ሺህ ኸርዝ ላይ ስላለው ነገር እርስዎም እኔም መማል አንችልም።

ባለ ሸክላው፦
አሁን ገና ተሰደብኩ። ጆሮህ አርጅቷል እያልከኝ ነው። እኔ ሙዚቃን በ20 ሺህ ኸርዝ አልሰማም። ሳክስፎን የሚኖረው መሀል ላይ ነው፤ ክራርም መሀል ላይ ነው። ያንን ሃምሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ።

የፒያሳ ሰው፦
ይህ አነጋገር ልክ አይደለም፤ ይቅርታ ጠይቅ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ለመስደብ አይደለም። የሁላችንም ጆሮ እንደዚያ ነው። ግን ካስከፋሁዎት ጋሼ ይቅርታ። «ጆሮ ላለው» የሚለው ቃልም ልጁን እንደዚሁ እንዳስከፋው ይወቁልኝ።

ለገሃር፦
ዳክ ውስጥ የሚገባውን ዘፈን ግን ያነሳ የለም። እኛ የምንሰማቸው የድሮ ዘፈኖች አብዛኞቹ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጡ ኖረው፣ በመጨረሻ ባለ 128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ሆነው ነው ስልካችን ላይ የደረሱት። 16 ቢት ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል ይይዛል። ካሴት 60 ገደማ ቢደርስ ነው፤ ከሦስተኛ ግልባጭ በኋላ ደግሞ ሹሹታ ብቻ። ሺህ ዶላር ያለው ሰው ሸክላውን ፈልጎ ገዝቶ በደንብ ያስቀዳ። ለሁላችንም ይተርፋል።

ባለ ሸክላው፦
ይህ እውነት ነው። ሸክላዎቼን ለማስቀዳት አንዴ ሰጥቼ ተቧጭረው መጡልኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጥም።

ለገሃር፦
እንደዚያ ከሆነ ከእርስዎ ጋር አብረው ይቀበራሉ ጋሼ። ይህ ከዳኩ በላይ ያሳዝነኛል።

ባለ ሸክላው፦
ቤቴ መጥቶ የሚቀዳ ሰው ካለ በሬ ክፍት ነው። ከቤት አይወጡም አልኩ እንጂ ማንም አይስማቸው አላልኩም።

ካውያ፦
ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ፤ እሱን ማንም አልመለሰለትም። እምምም የሚለው ድምፅ ከዳክ ጥራት ጋር ግንኙነት የለውም። ወንድሜ፣ እያነበብክ ከሆነ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ ብቻ አጫውት። ከዚያ ንገረን።

ጠያቂው፦
እያነበብኩ ነበር። አሁን ሞከርኩት። ቻርጀሩን ስነቅል ድምፁ ጠፋ። ሙሉ በሙሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያን አምፕ እንዲህ ጸጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

ካውያ፦
እንደዚያ ከሆነ አምፑ ደህና ነው፤ አደራ ማንም ኮንደንሰሩ ደርቋል ብሎ እንዳይፈታብህ። በቻርጀሩ በኩል የሚመጣው የመብራቱ 50 ኸርዝ በገመዱ አድርጎ አምፑ ውስጥ እየገባ ነው። የግራውንድ፣ የመሬት መስመሩ ነገር ነው። የዩኤስቢ ዳክ ብትገዛ፣ ሺህ ዶላርም ቢሆን፣ ድምፁ ተከትሎህ ሊገባ ይችላል። ለአንተ የሚሆነው ኦፕቲካል መግቢያ ያለው ዳክ ነው። በኦፕቲካል የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ብርሃን ደግሞ ግራውንድ አይሸከምም። ላፕቶፕህ ኦፕቲካል መውጫ ከሌለው በዩኤስቢ ገብቶ በኦፕቲካል የሚያወጣ ትንሽ መቀየሪያ አለ። እሱ ካልተገኘ በባትሪ ስማ፤ ብር የለውም።

አምስት ኪሎ፦
ክፍልህስ እንዴት ነው? ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ከሆነ ከዳኩ በፊት ምንጣፍ አንጥፍ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀል። የእኛ ኮንዶሚኒየም ሳሎን በመጋረጃ ብቻ ሌላ ቤት ነው የሆነው።

ጠያቂው፦
ሴራሚክ ነው። እሺ። ግን ጋሼ ያሉትም አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። አባቴም ስለ ሳክስፎን እንደዚያ ይል ነበር። ልዩነቱን እኔም ብሰማው ደስ ይለኛል።

ባለ ሸክላው፦
ልጄ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ና። የአባትህን ስፒከር ስም ጽፈህ አምጣልኝ። ካውያም ይምጣ፣ ያቺ 9 ዶላር ገመድም ትምጣ። ቡና አለ። ጆሮ ያለው ይለይ።

ካውያ፦
እመጣለሁ ጋሼ። ቴስተር ይዤ ነው የምመጣው፤ መጀመሪያ ሁለቱን እኩል እናደርጋለን።

ባለ ሸክላው፦
ቴስተሩን አምጣው። ቮሊዩሙን ግን የምይዘው እኔ ነኝ።

አምስት ኪሎ፦
አይሆንም ጋሼ። ቮሊዩም የሚይዝ ሰው አይፈተንም።

የፒያሳ ሰው፦
የሰው ቤት ሄዳችሁ ደግሞ ሕግ ታወጣላችሁ?