ጆርጅ ታውን (ፔናንግ) 2 ሌሊት ይበቃል? በዛ ላይ ጾም ነኝ

ቦርሳ_በጀርባ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ኳላ ላምፑር ለስልጠና መጥቼ ሲያልቅ 2 ቀን ትተርፈኛለች፣ ፔናንግ ደሴት ላይ ያለችውን ጆርጅ ታውንን አይቼ ልምጣ ብዬ አሰብኩ። 2 ሌሊት በቂ ነው ወይ? ደሞ ጾም ላይ ነው የዋለብኝ፣ ከተማዋ የምትታወቀው በምግብ ነው ይላሉ፣ ሰው ሲበላ እያየሁ ልመለስ ነው እንዴ 😅 ሆስቴልስ የት ሰፈር ልያዝ?

የኮተቤዋ፦
ይበቃል። ባቡሩ ከደሴቷ ማዶ እስካለችው በተርወርዝ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ ከጣቢያው አጠገብ ጀልባው አለ፣ በድልድዩ በታክሲ እንዳትሄድ፣ ከተማዋን ከባህሩ ላይ እያየህ ግባ። ሆስቴል ላቭ ሌን የሚባለው መንገድ ላይ ሞልቷል፣ ማታ ግን ቡና ቤቱ ስለሚጮህ በጓሮ በኩል ያለ ክፍል ጠይቅ፣ እኔ በመንገዱ በኩል ይዤ እስከ ሌሊት 9 ሰዓት አይኔን አልከደንኩም። ሰው ሁሉ የግድግዳ ስዕል ፍለጋ ካርታ ይዞ ይሯሯጣል፣ ብስክሌት ላይ ያሉት ልጆች ስዕል ጋ ፎቶ ለመነሳት ሰልፍ አለ 🙄 እኔን ከጠየቅከኝ መስጊድ ካፒታን ከሊንግ የሚባለውን መንገድ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግርህ ሂድ። እ.ኤ.አ. በ1818 የተሰራው የእንግሊዞቹ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፣ ትንሽ ወረድ ስትል የቻይኖቹ የምህረት አምላክ ቤት፣ የእጣኑ ጭስ አይን ያቃጥላል፣ ከዛ የሂንዱዎቹ ቤት፣ ከዛ የህንድ ሙስሊሞች ያሰሩት መስጊድ። ሁሉም በአንድ መንገድ ዙሪያ ነው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ቦርሳ_በጀርባ፦
እሺ ጾሙስ?

ሽሮ_ናፋቂ፦
እኔም ጾም ላይ ነበር የሄድኩት፣ ሊትል ኢንዲያ የሚባለው የህንዶቹ ሰፈር ግባ። ቶሳይ የሚሉት አለ፣ ሩዝና ምስር ተፈጭቶ የቦካ ሊጥ ነው፣ ምጣድ ላይ እያዞረ ሲያሰፋው እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ኮምጠጥ ያለ ስስ እንጀራ በለው፣ በሙዝ ቅጠል ላይ ከምስር ወጥና ከኮኮናት ጋር ይመጣል፣ በቀኝ እጅ ነው የሚበላው ስለዚህ አንተ ምንም አትቸገርም። ግን የህንዶቹ "ቬጀቴሪያን" ወተት አይከለክልም፣ "ጊ (ቅቤ) የለም፣ እርጎ የለም" ብለህ አስቀድመህ ንገር። የቻይና ቡድሂስቶቹ ምግብ ቤት ወተት ብዙም አይነካካም፣ እሱ ይሻላል። የማላዮቹ ሳምባል ግን ውስጡ የተፈጨ ሽሪምፕ አለበት፣ ቀይ ዳጣ መስሎህ እንዳትሸወድ። አሳም ላክሳ የሚሉት የኑድል ሾርባ ደግሞ መረቁ ራሱ ዓሳ ነው። (ዓሳ ይጾማል አይጾምም እዚህ እንዳትጀምሩ በናታችሁ)

ፒያሳ_ልጅ፦
አርመኒያን ስትሪት የሚባል መንገድም አላቸው፣ ድሮ አርመኖች ይኖሩበት ነበር፣ አርመን ሰፈር የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር ሃሃ። ደሞ ጠዋት በጊዜ ቹ ጄቲ ሂድ፣ ባህር ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆሙ ቤቶች ናቸው፣ ሰው ይኖርባቸዋል እና በር ላይ ቆመህ ወደ ሳሎናቸው ካሜራ አትደግን፣ እኔን አንዲት ባልቴት በመጥረጊያ አባራኛለች፣ ልክ ነበረች።

ቦርሳ_በጀርባ፦
ተባረኩ 🙏 ፔናንግ ሂል የሚሉትን ተራራ ልተወው ማለት ነው?

የኮተቤዋ፦
ተወው፣ እንጦጦ አለህ።